ያልተመዘዘው ነጭ ክር፦ የእማማ መቀስ የሕይወት ጉዞ

ሁላችሁም «እማማ መቀስ» እያላችሁ የምትጠሯቸው እናታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1931 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙ በእጃቸው ሙያ ብቻ የወጣላቸው እንዳይመስላችሁ፤ አንደበታቸውም ይቆርጥ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንደኛ እየወጡ ተማሩ። የአባታቸው ዓይን ሲደክም ግን ደብተራቸውን አጥፈው የስፌት መኪናው ፊት ተቀመጡ።

በዚያ ሱቅ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። አዲስ ልብስ መጀመሪያ በነጭ ክር ላላ ተደርጎ ይያያዛል፤ ባለቤቱ ለብሶት ሰፊው ሳያየው ነጩ ክር አይመዘዝም።

በ1952 ዓ.ም. ለአባታችን ታጩ። አባታችን ያኔ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። እናታችን የሠርጉን ኮት ራሳቸው ቆርጠው በነጭ ክር እንዳያያዙት ድንበር ላይ ውጊያ ተነሣ፤ አባታችንም ሳይለኩት ዘመቱ። በሦስተኛው ዓመት መሞታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። እናታችን አንብበው ልብስ መለኪያው መጋረጃ ውስጥ ገቡ፤ አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው ወጡና ቀጠሮ የነበረውን ደንበኛ ሱሪ ለኩ። ንዴትም ነበረባቸው፤ «አንድ ደቂቃ ቆሞ ቢለካ ምን ነበረበት!» እያሉ ኮቱን ማንጠልጠያው ላይ እንዳለ ይቆጡት ነበር።

ዘመድ ዝም አላለም። አንድ ጨዋ ፋርማሲስት ለትዳር ጠየቃቸው። አባታቸውም «ልጄ፣ ከሞተ ጋር አይሞትም፤ ክሩን ምዘዢና ኮቱን ለሌላ ሰው እናስተካክለው» አሏቸው። እናታችን በአባታቸው ፊት ቀና ብለው ተናግረው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን «አባባ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ባለቤቱ ገና አልለበሰውም» አሉ። ፋርማሲስቱ አራት ወር ጠብቆ ሌላ አገባ። የሠርጉን ሱፍ የሰፉለትም እናታችን ናቸው፤ እንከን አልተገኘበትም።

በ1959 ዓ.ም. አንድ ቀትር ላይ አንድ ከሲታ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ከምርኮ የተመለሱት አባታችን ነበሩ፤ ግራ እጃቸው ከክርናቸው በታች የለም። «ልኬ ተለውጧል» አሉ። እናታችን ከወንበራቸው ሳይነሡ «ግባ፤ ሜትሩ እዚህ ነው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ ፊት አለቀሱ።

ኮቱን ፈትተው እንደገና ሰፉት፤ ባዶ እጅጌ እንዳይንጠለጠልም የግራውን ክርኑ ላይ አሳጥረው ዘጉት። በወሩ ተጋቡ። ከአንገትጌው ሥር ግን ጥቂት ነጭ ክር ሆን ብለው ተዉ። ለምን ሲባሉ «ሥራው ያላለቀለት ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል» ይሉ ነበር።

እናታችን ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ ከሠላሳ በላይ ሴቶችንም ለሙያ አብቅተዋል። ከነዚያ መካከል ሐዘን የደረሰባት ስትኖር ወደ መጋረጃው ይመሯትና «አልቅሺ፤ ደንበኛውን እኔ እይዘዋለሁ» ይሏት ነበር። የእኚህ እናት ልጆች በመሆናችን እንኮራለን።

ሁለት ዓመት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰማንያ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት አባታችንን ያንን ኮት ስናለብሳቸው «ክሩን አሁን እንምዘዘው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ሰፊዋ ሳታየው አይመዘዝም» አሉን። ይኸው፣ ነጩ ክር አንገትጌያቸው ሥር እንዳለ ከፊታችሁ ቆመዋል።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለእኛም እሳቸው ያዘኑበትን ብርታት ያድለን።