«ሁሉንም አጥፋ» ያልኩበት ቅዳሜ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆችሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ሥራ ላይ ቆመሽ ነው የምትውዪው? እኛ በሕይወት አለን። አባባ አካሉ ደህና ነው፤ ልቡ ግን ተሰብሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም በእሱ ትእዛዝ ነው። በስልክ ልንገርሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

ነገሩ የሟቹ ወንድማችን ኮምፒውተር ነው። ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ስለ በሽታው ለማንበብ ከድረ ገጽ ድረ ገጽ ሲንከራተት ነበር የሚውለው። እያንዳንዱ ገጽ ገና ሲከፈት «ኩኪ እንድናስቀምጥ ይፈቅዳሉ?» ይላል። «አልቀበልም» የሚልም፣ «ልምረጥ» የሚልም አለው። እሱ ግን እያመመው የቱን ቆሞ ሊያነብ? «ሁሉንም ተቀበል» እያለ ያልፍ ነበር።

ኩኪ ማለት ድረ ገጹ ኮምፒውተርሽ ላይ ጣል የሚያደርጋት ትንሽ መለያ ናት። ስትመለሺ እሷን አይቶ «ያቺው ናት» ይልሻል። አንዳንዷ ትጠቅማለች፤ በገባሽ ቁጥር የይለፍ ቃል ከመጻፍ ታድንሻለች። የማስታወቂያ ድርጅቶቹ ኩኪ ግን በየሄድሽበት እየተከተለ ምን እንዳየሽ ይመዘግባል።

ወንድማችንን ከቀበርነው ሰባት ወር አለፈው፤ ማስታወቂያዎቹ ግን መርዶው አልደረሳቸውም። አባባ በኮምፒውተሩ ጋዜጣ ሊያነብ ሲከፍት «ለኩላሊት ሕመምተኛዎ ምቹ አልጋ» ይመጣበታል። አንድ ቀን መነጽሩን አውልቆ «አሁን ለማን ነው የሚያመጡት?» አለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምተይብ እዚህ ቤት ስሜ «ኢንጂነሯ» ነው፤ አስቀርልሃለሁ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲወጣ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ከፍቼ «ሁሉንም ኩኪ አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ። እውነትም አልጋው ጠፋ።

የወንድማችን ኢሜይልም አብሮ ተዘጋ። ለካ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ይከፈትልን የነበረው በአንዲት ኩኪ ነው። የይለፍ ቃሉን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጀምሮ ያልላካቸው ጽሑፎች ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ፊደሉን አጉልቼለት አባባ በየጠዋቱ አንድ አንድ ያነብ ነበር። ለአንቺ የጀመረውም እዚያው ነበር። «አትመሽ ላኪልኝ» ብለሽኝ፣ ቀኑን ሙሉ ማተሚያ አጠገብ እየዋልኩ፣ ነገ ዛሬ ስል ቀረሁ። የማስታወቂያዎቹን ለይቶ ማጥፋት፣ የኢሜይሉን መተው ይቻል ነበር። ከገጹ ባለቤት ውጭ የሆኑ ድርጅቶችን ኩኪ ብቻ መከልከልም ይቻላል። ይህንን እኮ ለደንበኞች የማሳየው እኔ ነኝ። ቸኮልኩ።

መልሶ ለመክፈት የማረጋገጫ ቁጥር በስልኩ እንልካለን ይላል። ስልኩ ግን ከተዘጋ ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ብደውል አንዲት ሴት አነሳች። «የሚደርስሽን ቁጥር አንብቢልኝ» ብላት አጭበርባሪ መስዬያት የስድብ መዓት አወረደችብኝ፤ አሁን አታነሳም። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አላነብም ነበር።

ከሁሉ የሚከፋውን ልንገርሽ። አባባ ያበላሸው እሱ ይመስለዋል። እሑድ ጠዋት ኢሜይሉ አልከፈት ሲለው «ምን ነክቼ ይሆን?» ብሎ ጣቶቹን አገላብጦ አየ። አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን አይነካም፤ አቧራውን እንኳ እኔ ነኝ የምጠርገው። ትናንት ጠርቶኝ «ለእህትሽ ጻፊላት። የወንድምሽን ጽሑፍ አባትሽ አጠፋው፣ ይቅር በይው በያት» አለኝ። እታለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ የምልሽም እኔ ነኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋንም ትንሿንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አክስታችን ሰላም ብላሻለች፤ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ምላሷ ደህና ነው። አባባ በጣም ናፍቀሽዋል። የእጅ ጽሑፍ ዓይኑ ስለማይለይለት፣ ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት ጮክ ብዬ እንዳነብለት አዞኛል። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ እየጠበቀኝ ነው። አንዲት ቃል ሳልዘል ላነብለት ነው።

ታናሽ እህትሽ
ከአባባ ቤት፣ ኅዳር 11 ቀን