የሐሙስ ቆጠራ

ሞንቴቪዴዮ፣ ማክሰኞ

ውድ ዶክተር ኢሩሬታ፣

የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። «ባረጁ አይጦች አንጎል ውስጥ አዲስ ሕዋስ አየሁ ያልኩት ተሳስቼ ነው» ብዬ እንድፈርም ነው የፈለጉት። አልፈርምም። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎትና የቀረውን ረጋ ብዬ ልጻፍ፤ መርጋት ከቻልኩ።

የአይጥ ጎጆ አጣቢ ሆኜ ላቦራቶሪዎ ስገባ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ማይክሮስኮፕ ፊት ያስቀመጡኝ እርስዎ ነዎት። ይህን ውለታ እስክሞት አልክደውም። የዚያን ቀን የማቴ ሻይዎን እየማጉ ያሉኝንም አልረሳሁም።

«ኔልባ፣ ሰው ካደገ በኋላ አንጎሉ አዲስ ሕዋስ አያበቅልም። ባለሽ መሥራት ነው።»

«ታዲያ ዛሬ የተማርኩትን የት ላስቀምጠው ዶክተር?»

«ምላስሽን ብታሳጥሪው ቦታ ይገኛል!»

አብረን ሳቅን። እኔ ግን ጥያቄዬን አልተውኩትም።

አሁን ስልሳ ሞላኝ። አምና፣ ያረጁ አይጦችን ውሃው በወተት በደፈረሰ ገንዳ አስዋኘናቸው፤ ከውሃው ሥር የተደበቀች መቆሚያ እንዲፈልጉ። ሁሉም ቦታዋን ተማሩ። ከወር በኋላ መልሰን ስንከታቸው፣ አዲስ ሕዋስ እንዳይወለድባቸው በመድኃኒት የከለከልናቸው እንደ እንግዳ ዙሪያውን ይዳክሩ ጀመር። ያልከለከልናቸው ቀጥ ብለው ሄደው መቆሚያዋ ላይ ወጡ። አንጎላቸው በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ነክቶት በመስታወት ላይ ሲታይ አዲሶቹ ሕዋሳት አረንጓዴ ያበራሉ። ቆጠርኳቸው። ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥናት ላይ የሚጻፈው በዚህ ቆጠራ ነው።

እርስዎ ግን በስልክ ምን አሉኝ? «የቀለም ቆሻሻ ነው የቆጠርሽው። የትኛው መስታወት የየትኛው አይጥ እንደሆነ ታውቂ ነበር፤ ዓይንሽ ልብሽ የፈለገውን አየ።»

ዶክተር፣ ይሄ አመመኝ። እንደ አባቴ ነበር የማይዎት፤ አባት ልጁን ቀጣፊ አይላትም። የመስታወቱን ስም በፕላስተር ሸፍኖ መቁጠርን ማን አስተማረኝ? «ቆጣሪ አይጠይቅም፤ የቀረበለትን ይቆጥራል» የሚለው ሕግ የማን ነው? ጡረታ ወጥተው እንኳ ሐሙስ ሐሙስ ቴርሞስዎን ብብትዎ ሥር ሸጉጠው ይመጣሉ። «ዓይኔ እንዳይዝግ አንድ ሣጥን መስታወት አምጪልኝ» ይላሉ። አመጣለሁ። አይጠይቁም፤ ይቆጥራሉ።

ባለፈው ነሐሴ አራት ሐሙስ የቆጠሩት የእኔን አይጦች ነበር።

ሁለተኛ ቆጣሪ ያስፈልገኝ ነበር፤ በከተማው ከእርስዎ የተሻለ ዓይን አላውቅም። በመጨረሻው ሣጥን ላይ ቀና ብለው «እነዚህስ ጎረምሶች ናቸው፤ ቡቃያውን አየሽልኝ?» አሉ። የሁለት ዓመት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሳቄን ዋጥኩት። ቆጣሪ የማይጠይቅ ከሆነ አስቆጣሪም አይናገርም። ጽሑፉ ሲያልቅ ልነግርዎት ነበር፤ ወረቀትዎ ቀደመኝ።

የአራቱን ሐሙስ ቆጠራ በራስዎ እጅ ጽሑፍ፣ ከነፊርማዎ፣ ቅጂውን አያይዤያለሁ። የእርስዎ ድምር ከእኔ በአሥራ ሰባት ይበልጣል። የእኔ ስህተት ነው ካሉ መጀመሪያ የራስዎን ይሰርዙ።

የላኩልኝንም ወረቀት ሳልፈርምበት መልሼልዎታለሁ። ሐሙስ ይምጡ። ሣጥኑ እንደ ወትሮው ጠረጴዛዎ ላይ ይጠብቅዎታል፤ ፕላስተሩን ግን በዚህ ጊዜ እርስዎ ራስዎ ይላጡታል። በሰባ ዘጠኝ ዓመትዎም አዲስ ነገር መማር ይቻላል፤ ማስረጃው የራስዎ ቆጠራ ነው።

ያልፈረመችው ተማሪዎ፣
ኔልባ