ነቀዝ ያልጨረሰው ዘር

ቅዳሜ፣ መስከረም 15

የጎታውን አፍ ስከፍተው ፊቴ ላይ በረረ። ነቀዝ! የዘር ሽምብራዬ እንደ ንብ ቀፎ ይንሿሿል። ግማሹ ተበስቷል። በወንፊት ነፋሁት፤ ነቀዙን ለዶሮዎቹ በተንሁላቸው። በዚህ ቤት ደስ ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። በየዓመቱ ሽምብራውን ከጤፍ ጋር ደባልቄ ነበር የማስቀምጠው። ጤፉ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ዘንድሮ ጤፉን ለባለቤቴ ተዝካር ብዬ ለየሁት። በሕይወቱ የበላኝ አንሶት ሞቶም ጤፌን በላ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተናግሯል፤ ማሳውን የዋጠው የሐይቁ ውሃ ሲሸሽ ያልተዘራ መሬት ለሌላ ይሰጣል። ሌላ ማለት ዋርሳዬ ደሴ ነው፤ የባለቤቴ ታናሽ፣ ድንበርተኛዬ።

እሑድ፣ መስከረም 16

ዛሬም ወጡ። ትናንት አንድ ሳላስቀር ነፍቼ ዛሬ ከየት መጡ?

ከቅዳሴ መልስ ደጃፍ ተቀምጬ ፍሬውን አንድ በአንድ አየሁት። ነጫጭ ነጥብ ተለጥፎበታል። ትናንት ዱቄት መስሎኝ ነበር። በጥፍርም አይለቅም። እንቁላል ነው። በጥርሴ ከፈልሁት።

አንዱ ውስጥ ነጭ ትል፣ ተጠቅልሎ።
አንዱ ውስጥ እግር ያበቀለ፣ ገና ያልጠቆረ።
አንዱ ውስጥ ሙሉ ነቀዝ፤ ቆዳውን በክብ ቆርጦ እንደ መስኮት ሊከፍተው የደረሰ።

ለካ ትልልቁን ለዶሮ ሰጥቼ ልጆቹን መልሼ ጎታ ውስጥ አስተኝቻቸዋለሁ። በእርጅናዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርሁት ስለ ነቀዝ ልጽፍ ኖሯል።

ደሴ መጥቶ ወንፊቱን አየ። "እታለም፣ ዘንድሮ ነቀዝ ሊዘሩ ነው?"
"አንተን ከምዘራ ይሻላል" አልሁት። ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ወንድሙን ይመስላል።

ሐሙስ፣ መስከረም 20

እናቴ ነቀዝ ሲገባ እህሉን ጠንካራ ፀሐይ ታስመታው ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ውስጥ ያለውን የሚደርስበት ሙቀት ብቻ ነው። ግን ፀሐይ የት አለ? ሳምንቱን ሙሉ ከሐይቁ በኩል ደመና። አሰጣለሁ፣ ያካፋል፣ እሰበስባለሁ። ዛሬ ብቻ ሦስቴ። ወገቤ!

ይፋግ ካለችው እኅቴ ዘር ልለምን ብዬ ተነሥቼ ነበር። ውሃው መንገዱን አልለቀቀም።

ደግሞ በሬ የለኝም። ሴት ሞፈር አትይዝም። በሬው የደሴ፣ እጁም የደሴ። ይህ ከነቀዙ ይልቅ ያቃጥለኛል።

ዓርብ፣ መስከረም 21

ፀሐይ ወጣች፤ ያውም በማርያም ዕለት! በበዓል እህል አይሰጣም። ቁርበት ዘርግቼ ሳሳ አድርጌ አሰጣሁት። የንስሐ አባቴ በዚያ አለፉ።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ ማርያም አይደለች?"
"ናት አባቴ። እኔ ቁጭ ብያለሁ፤ የምትሠራው ፀሐይዋ ናት።"

ጎንበስ ብለው በዘንጋቸው አንድ ነቀዝ ነካ አደረጉ። "ይኼማ መች በዓል አከበረ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቀኑን ሙሉ ወፍ ሳባርር ዋልሁ። ኃጢአትም ከሆነ ይሁን።

ረቡዕ፣ መስከረም 26

ቅዳሜ ሃያ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር፤ አሥሩ ደህና፣ አሥሩ የተበሳ። ፀሐዩ ዘሩንም አብሮ ገድሎት እንደሆነ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዛሬ ፈታሁት። ከደህናው ስምንቱ አቆጥቁጧል። ከተበሳውም አራት!

ለደሴ አልነግረውም። ዘሩ የሞተ ይምሰለው።

ዓርብ፣ መስከረም 28

አረሰልኝ፤ ሳልለምነው። አይበቅልላትም፣ መሬቱ የኔ ነው ብሎ ለራሱ እንደሚያርስ ሰው አጥልቆ አረሰ። እኔ ከፊት ከፊቱ እበትናለሁ።

"የተበሳውንም?"
"የተበሳውንም።"
"እንግዲህ እግዜር ያብቅልልዎ" አለ፤ ፈገግታውን በሬ በመንዳት እየሸፈነ።

አንድ እፍኝ ጨምሬ በተንሁ። ዝም ማለት እንዲህ ይከብዳል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ሊቀ መንበሩ ሊለካ ገመድ ይዞ መጣ፣ ደሴ ከኋላው። ቡቃያው ወጥቷል። ሳሳ ብሏል፣ እዚህም እዚያም ክፍት አለው፤ ግን ወጥቷል።

"ይኼ የተዘራ ነው" ብሎ ሊቀ መንበሩ ገመዱን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ማሳ አለፈ።

ደሴ ቡቃያውን ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ እኔን። "በገዛ በሬዬ" አለ። ደህና ይዋሉም ሳይለኝ ሄደ።

መሬቱ በእጄ ነው። ከርሞ ማን እንደሚያርስልኝ አላውቅም።