የእሁዱ ሞዴል

እሁድ፣ ጥር 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ዛሬም ወርክሾፕ። ደብተሬ፣ ደስ ይበልሽ፤ ግድግዳው ቆመ! ሽቦ በብየዳ እያቀለጥኩ፣ መስመር በመስመር ላይ እየደረብኩ፣ ቀጥ ያለ የብረት ግድግዳ። የብየዳውን እጀታ የተሸከመው የማስተምርበት ኮሌጅ አሮጌ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ቶርኖው ነው። የሽቦውን ፍጥነት፣ የማሽኑን ቮልት፣ የጉዞውን ፍጥነት ሳስገባለት የሂሳብ ሞዴሌ የመስመሩን ስፋትና ከፍታ ይተነብያል። ልክክ አለ። አማካሪዬ ዶ/ሩ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ መጥተው ያያሉ። ካላመኑበት የማስተርስ ርዕሴ ይቀየራል፣ ልፋቴ ገደል ገባ ማለት ነው። ያምኑበታል!

ባለቤቴ አበበች አኩርፋለች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ እሁድ እሁድ ሲበይድ ሰው ምን ይላል ነው ነገሩ። ሌላ ቀን ቦታውን ተማሪ ይይዘዋል፤ ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ጥር 16
ተማሪዎቹ አንድ ለአምስት ስብሰባ ገቡ። ወርክሾፑ ባዶ። ለጉራ ያህል ደገምኩት። ጉድ ፈላ! ያው ቁጥር፣ ያው ሽቦ፤ መስመሩ ጠበበ፣ ጎበጠ፣ ግድግዳው ጠመመ። ሽቦውን ሰደብኩ። ጋዙን ሰደብኩ። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 18
ገባኝ! የቮልት መለኪያ ሶኬቱ ላይ ሰክቼ ዋልኩ። ከጀርባችን ያሉት ወፍጮዎች ሲነሱ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሲያርፉ ይመለሳል። እሁድ የሆሳዕና ከተማ ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወፍጮ የሚያስነሳ የለም። ሞዴሌ የሚያውቀው የእሁድን መብራት ብቻ! ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ላብ። ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው፤ ከሌሞ ገጠር እህል የጫነ ጋሪ ሁሉ ወፍጮ ቤት በር ላይ ይቆማል።

አበበች በሳቅ ሞተች፤ እግዜር ሥራህን አየልህ አለችኝ። ኋላ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ዶክተሩን ለእሁድ ቅጠራቸው፣ ማን ያውቃል አለች። እሷ! እሁድ!

ዓርብ፣ ጥር 19፣ ማታ
ከመብራት መስመር የሚገባውን ቮልት ለሞዴሉ አራተኛ ግብዓት አደረግኩት፤ ኃይሉ ሲወርድ በእሱ ትንበያ ፍጥነቱን አስተካክላለሁ። ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ ሞከርኩ። እንደ እሁዱ አያምርም፤ ግን ቆሟል። እችላለሁ!

ዶክተሩ ደወሉ። እሁድ ይሁን ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ነገ ስድስት ሰዓት፣ ወፍጮው ሁሉ ሲነሳ እንጀምራለን አልኳቸው። ለምን በዚያ ሰዓት አሉ። ሲመጡ ያያሉ አልኩ።

ጠማማውን ግድግዳ ከቶርኖው ሥር ሸሽጌው ነበር። አወጣሁት። ነገ ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።