ስድሳ ጊዜ በእጅ

ጥቅምት 4

የወሩ ሙከራ ቀን። አንደኛው ዲዝል ጄኔሬተር በሰባት፣ ሁለተኛው በስምንት ሰከንድ ተነሱ። የተፈቀደው አስር ነው። መዝገቡ ላይ «ተነሳ»፣ «ተነሳ» ብዬ ፈረምኩ።

እንደ ወትሮው ከሙከራው በፊት እኔና ረጅሙ ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ ስድሳ ስድሳ ጊዜ ገፋን። ቧንቧው ውስጥ አየር ካለ እንዲወጣ ነው። ረጅሙ የሥራ ጓደኛዬ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ከልማድ ብዛት በር በሌለበትም ይላል።

ግን... የአንደኛው እጀታ በአምስተኛው ግፊት ጠነከረ። የሁለተኛው እስከ አርባ ድረስ ባዶውን ሄደ። ባለፈው ወር ሃያ አካባቢ ነበር። ናፍጣው ወዴት እየሄደ ነው?

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ወደ ፈረቃው ሊወጣ ነው። የሪአክተሩ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው። ቦርሳውን አንስቶ በሩ ላይ «ዲዝሎቹስ?» አለ። «ይነሳሉ» አልኩት። ስንት ዓመታችን... እንደ ደህና ዋል ሆኖብናል።

ጥቅምት 5

ለአለቃ ነገርኩት። በዕድሜ ታናሼ ነው። ወርክሾፑ ሁሉ «ሰላም ነው» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ምን ቢነግሩት መልሱ ያው ስለሆነ።

«ናፍጣው ወደ ጋኑ እየተመለሰ ይመስለኛል። የሚያግደው ቫልቭ ሳይደክም አልቀረም።»

«ትናንት ተነሳ አይደል?»

«ተነሳ። ገፍተንለት ነዋ።»

«እንግዲያ ሰላም ነው እህቴ።»

እህቴ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ጥቅምት 9

እናቴ ልብስ እያጠፈች ትታዘበኛለች። ሰሞኑን ሳህን ሳስቀምጥ እንኳን ይጮሃል አለች።

«ለመሆኑ አደጋ ከመጣ ሪአክተሩን አታጠፉትም?»

«እናጠፋዋለን።»

«ታዲያ አንቺን ምን ያንጨረጭርሻል?»

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። እስከዚህ ድረስ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ነው። አጥፋ ሲባል ዘንጎች ይወርዱና መሰነጠቁ በሰከንዶች ይቆማል። ሙቀቱ ግን አይቆምም። የተሰነጠቁት ስብርባሪዎች ራሳቸው ለቀናት ይሞቃሉ። ድስቱን ከምድጃ ብታወርጂውም ፍሙ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው አልኳት። ስለዚህ ውሃ መዞር አለበት። ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው። እኛ ከጠፋን መብራቱ ከውጭ መስመር ይመጣል። መስመሩም ከወደቀ የእኔ ዲዝሎች አሉ። ባትሪዎቹ መለኪያ ያበሩ እንደሁ እንጂ ትልቁን ፓምፕ አይችሉትም።

«ዲዝሎቹስ እምቢ ካሉ?»

ውሃው ፈልቶ ያልቃል። ዩራኒየሙ ይደርቅና ይቀልጣል። ከዚያ የሚወጣውን ነገር ነፋስ ነው ለየሰዉ የሚያደርሰው።

«ለከተማ ሙሉ መብራት የምትሰጡት ሰዎች መብራት ከጠፋባችሁ አለቀልን በይኛ።»

ሩብ ሰዓት የፈጀብኝን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ያን ቀን ታዲያ ስድሳ ጊዜ የሚገፋው ማነው? አስር ሰከንድ ነው ያለው። እኔ ቤቴ ልሆን እችላለሁ። ረጅሙ ሽንት ቤት ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት 12

ሳይገፋ ይሞከር ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ከምሳ በፊት ተመለሰልኝ። «በመመሪያው ተራ ቁጥር ሦስት መሠረት በቅድሚያ በእጅ ይገፋል።» አለቀ። ቫልቩን ልፍታ ብልም ያው ፈቃድ ይጠይቃል።

አለቃ ቢሮ ሄድኩ።

«አስቢው እስቲ» አለኝ። «ሳትገፉ ሞክራችሁ ባይነሳስ? በሦስት ቀን ካልተጠገነ ሪአክተሩ ይቆማል። ብርድ እየገባ ነው። ሕዝቡ ማሞቂያ ሲለኩስ እኛ ልናቆም?»

«ባይነሳማ ማወቃችን አይሻልም?»

«አሥራ አንድ ዓመት ተነስቷል፣ እህቴ።»

ይሄ ነው መልሱ። የሚሠራ መሆኑን የምናውቀው እንዲሠራ አዘጋጅተን ስለሞከርነው ነው። ለግድግዳው ባወራ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 13

ቆሽቴ አርሯል። መጻፍም አስጠላኝ።

ጥቅምት 20

ተራ ቁጥር ሦስትን የጻፈው ማነው? የትኛው ብልህ? ስሙን አውጥቼ ለአለቃ ላሳየው ብዬ መዝገብ ቤት ወረድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን ሦስት ጊዜ ጠርጋ አሮጌውን ፋይል አወጣችልኝ።

ክው አልኩ።

የእኔ ጽሕፈት ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። ሁለተኛው ዲዝል አንድ ወር ሙከራ ላይ አስቸግሮን «ከሙከራ በፊት በእጅ ቢገፋ ጥሩ ነው» የሚል የማሻሻያ ሐሳብ ጽፌ ነበር። ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። በየቀኑ ሥሩ ቱታዬን እሰቅላለሁ። ለምን እንደተሰጠኝ ረስቼው ነበር... እንዴት ይረሳል?

ለካ ሳምንት ሙሉ ስረግመው የከረምኩት ሰው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 21

ለባለቤቴ ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም።

በኋላ «ባለፈው ዓመት የውጭው መስመር ሁለት ጊዜ ሲያንገዳግደን እኔ መቆጣጠሪያው ወንበር ላይ ነበርኩ» አለ። «አልፈራሁም። ይነሳሉ ብለሽኝ ነበራ።»

ዛሬ ሲወጣ «ዲዝሎቹስ?» አላለኝም። አፈርኩ።

ጥቅምት 25

ሐሳብ ያቀረበ ሰው ሐሳቡን በፊርማው መልሶ መውሰድ ይችላል። እንደገና እስኪመረመር ድረስ ያ ተራ ቁጥር ይታገዳል። ይህንንም ያገኘሁት እዚያው መመሪያ ውስጥ ነው።

ሐሳቤን መልሼ የወሰድኩበትን ደብዳቤ ለአለቃ ሰጠሁት። ሁለቴ አነበበው።

«በራስሽ ላይ እኮ ነው የምትመሰክሪው።»

«አዎ።»

«ባይነሳ አሥራ አንድ ዓመት የት ነበርሽ ይሉሻል።»

«እዚሁ ስገፋ ነበር እላቸዋለሁ።»

ፈረመ። ሰላም ነው አላለም። ምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩት። ቦታው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀርቷል፤ ሌላው ሁሉ ጭስ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል።

ኅዳር 4

አልተገፋም። ረጅሙ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ከተተ፣ አንዴ አወጣ።

አንደኛው በሰባት ሰከንድ ተነሳ። ተመስገን፤ አንድ እንኳን አለን።

ሁለተኛው... የታመቀው አየር ሞተሩን አዞረው። ስምንት። አስር። አሥራ አምስት። ዞረ፣ ዞረ፣ አየሩ አለቀበትና ቆመ። ናፍጣው አንድም ጊዜ አልተቀጣጠለም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ወርክሾፑ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

አለቃ ራሱ ስልኩን አንስቶ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ደወለ። «ሁለተኛው ዲዝል የለም» አለ። ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኩት።

ቫልቩን ፈታነው። የውስጥ ጎማው ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል ቦታ ተበልታለች። ይህችው ናት።

ልክ ነበርኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። አላለኝም።

ኅዳር 5

ጎማው ተቀየረ። ሌሊቱን ሙሉ ናፍጣው ቧንቧው ውስጥ እንዲያድር ተውነውና ጠዋት ሳንገፋ ሞከርነው። ዘጠኝ ሰከንድ።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ለሁለተኛው ብቻ መቶ ሠላሳ ሁለት ጊዜ «ተነሳ»። ሁሉም በእኔ ፊርማ። ስንቱ እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ትናንት ከጻፍኩት «አልተነሳም» በቀር የማምነው መስመር አጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቦርሳውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዲዝሎቹስ?»

«ሁለተኛው ትናንት አልተነሳም። ዛሬ ተነሳ። ነገን አላውቅም።»

ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ወንበር ሳበ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። ለፈረቃው ዘገየ።