የሰሌዳው ላይ ሴት

ሮዛሊንድ፣

የምስር ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው። ክኒኑን በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪ።

ዛሬ ግን በብሪጂት ዮጋ ቤት በኩል እንዳታልፊ። እባክሽ።

አርማውን እኔ እንደምሠራላት ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ አርማው ላይ ያለችው ሴት አንቺ ነሽ። ከመውደቅሽ በፊት በረንዳችን ላይ እጆችሽን ዘርግተሽ ስትቆሚ ካነሳሁሽ ፎቶ ነው የሳልኳት። ዳሌሽ ሲሰበር ከአስተማሪነት ያባረረችሽ ብሪጂት አላወቀችሽም። "እንዴት ያለ እርጋታ ነው! እቺን ነው የምፈልገው" አለችኝ።

አንቺ መሆንሽን ሳልነግራት ሥዕሉን አስረከብኳት።

አሁን ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። "ታዲያ ምናለበት? ፊት እንኳ የላትም፣ ማን ያውቃታል?" ብላ ሳቀችብኝ። አርማው ያለበት ሰሌዳ አራት ሰዓት ላይ በዮጋ ቤቱ በር ላይ ይሰቀላል። ሰቃዮቹን ላስቆማቸው እየሮጥኩ ነው። እምቢ ካሉኝ መሰላሉ ሥር እቆማለሁ፤ ሌላ የማደርገው አላውቅም።

የክፍልሽን በር ላንኳኳ ብዬ ድፍረት አጣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘግተሽብኝ በየት በኩል ላስፈቅድሽ ነበር?

ሰበብ ነው፤ አውቃለሁ።

ስስልሽ ግን ሥራውን አላሰብኩም ነበር። ያለ ክራንች ቆመሽ ማየት ናፍቆኝ ነው።

ኮሌት