አይቪን መላጊያዎቹን ሰጠ

ለናፈቅከኝ ወንድሜ ለቶርጌር፣ ባሕሩ ላይ እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ ዓሣው ሞልቷል።

ወንድማችን አይቪን በጸደይ ሦስት ጀልባ መሥራት ባንድ ጊዜ ጀምሮ ነበር። እንቅልፍ የለው፣ ወሬው አያልቅ፤ «ሲኔቬ፣ ደሴቱን በሙሉ በጀልባዎቼ አሳፍራለሁ!» እያለ ያስቀን ነበር። እማማ ግን አልሳቀችም፤ «አባታችሁም በሕይወቱ የመጨረሻ በጋ እንዲሁ ነበር» አለችኝ።

አሁን ጀልባዎቹን ዝናብ ይመታቸዋል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ሾርባ ስወስድለት «ተይው፣ ለእኔ አይባክን» ይለኛል።

ትናንት ተነሥቶ ጺሙን ሲላጭ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ መጥረቢያውንና የእንጨት መላጊያዎቹን ለጎረቤታችን ለአርንፊን ሰጠ።

«በምን ልትሠራ ነው?» አልኩት።

«አያስፈልጉኝም። አንቺም ደክመሻል፣ ታርፊያለሽ» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። እንዲህ ለስልሶ ተናግሮኝ አያውቅም።

ፈርቼ ሐኪም አስጠራሁ፤ ዛሬ በመጀመሪያው ጀልባ ትመጣለች። እስከዚያ በሩ ሥር ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ፤ ሲነሣ እነሣለሁ። ቅድም «ምነው ጥላ ሆንሽብኝ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቶርጌር፣ በቁጣው ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

እማማ ትስምሃለች። ወደብ እንደደረስክ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ደውልለት። ባሕሩ በሰላም ይመልስህ።

እህትህ ሲኔቬ